በሰው ወርቅ የደመቁ ክለቦች

እ.ኤ.አ. በ1978 የሮማኒያ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሊጠናቀቅ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶታል። ቪቶሩል ስኮርኒቼሽት የተባለው የገጠር ቡድን ከፍላካራ ሞሬኒ ጋር በነጥብ እኩል ስለነበር፣ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚያልፈውን የሚለየው የጎል ልዩነት ነበር። በዚያን ቀን ስኮርኒቼሽት የስላቲናውን ኤሌክትሮዱል 18 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ሮማኒያውያን ይህን ውጤት እስከ ዛሬ ሲያነሱት ሳቅም ቁጭትም ይቀላቀልባቸዋል፤ ምክንያቱም ስኮርኒቼሽት እንደ ማንኛውም መንደር አልነበረችም። አገሪቱን በብቸኝነት ይገዛ የነበረው ኒኮላይ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለደው እዚያ ነው። የቡድኑ ስም ቪቶሩል በሮማኒያኛ «መጪው ጊዜ» ማለት ነው፤ መጪው ጊዜው ግን የታሰረው በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ነበር። የዚህን ክለብ ታሪክ ብዙዎች የአምባገነን ቀልድ አድርገው ይተርኩታል፤ ስቀው ያልፉታል። በእኔ እምነት ታሪኩ ከቀልድ ያለፈ ትምህርት አለው። ትንሽ ክለብን የሚያጠፋው ገንዘብ ማጣትም ማግኘትም ሳይሆን፣ ህልውናው በአንድ ክር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ክሩ የፖለቲካም ይሁን የንግድ፣ ሲበጠስ ውጤቱ አንድ ነው።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ የሆነው በፍጥነቱ ያስደንቃል። ቡድኑ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1979 አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። የመንደሩን ስም ትቶ የአውራጃውን በመያዝም ኤፍ.ሲ. ኦልት ተባለ። በ1981–82 የውድድር ዘመን ከቡካሬስትና ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች የመጡ ክለቦችን እየተሻገረ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ትልቅ ስታዲየምም ተሠራለት። መንደሯ ራሷ የመንግሥት ማሳያ ሆና ነባር ቤቶቿ በፎቆች ሲተኩ፣ የቻውሼስኩ የትውልድ ቤት ግን እንደ ነበረ ተጠብቆ ቆየ። በስተመጨረሻም በ1989 ስኮርኒቼሽት የከተማነት ማዕረግ አገኘች። ክለቡና ከተማዋ ከአንድ ምንጭ ጠጥተው አብረው አደጉ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛ ኳስ አልነበረም» ቢል በከፊል ይሳሳታል። በ18 ለ 0 ውጤት ላይ ያለው ጥርጣሬ እንዳለ ሆኖ፣ ክለቡ ውስጥ ያለፉት ተጫዋቾች የፈጠራ አልነበሩም። ዳን ፔትሬስኩ በ1986–87 ከስቴዋ ቡካሬስት በውሰት መጥቶ እዚያ ተጫውቷል፤ ኋላ በ1998 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝን ያሸነፈችበትን ጎል ለሮማኒያ ያስቆጠረው እሱ ነው። በ1994 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ላይ ሁለት ጎል ያገባው ኢሊዬ ዱሚትሬስኩም በወጣትነቱ በውሰት ለኦልት ተጫውቷል። ለአገሩ 134 ጊዜ በመሰለፍ ክብረ ወሰኑን የያዘው ዶሪኔል ሙንቴያኑ ደግሞ በ1988–89 የክለቡ ተጫዋች ነበር። የታላላቅ ክለቦች ወጣቶች ወደዚያ የሚላኩት የመንደሩ ኃይል ስቧቸው ይሁን የጨዋታ ዕድል ፈልገው፣ ሜዳ ላይ ያሳዩት ብቃት የራሳቸው ነው። ስለዚህ የክለቡን ድክመት መፈለግ ያለብን ሜዳው ላይ አይደለም፤ ከሜዳው ውጭ፣ በባለቤትነቱ ላይ ነው።

ድክመቱ የተገለጠው በታኅሣሥ 1989 ነው። አብዮቱ ፈነዳ፤ ቻውሼስኩ በ22ኛው ቀን ከሥልጣን ወረደ፣ በ25ኛው ቀን ተረሸነ። የእግር ኳሱ ሊግ በክረምት ዕረፍት ላይ ነበር። ውድድሩ ሲቀጥል ኤፍ.ሲ. ኦልትና ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ይያያዝ የነበረው ቪክቶሪያ ቡካሬስት ከሊጉ ተሰርዘዋል። ለአሥር ዓመት በአንደኛ ዲቪዚዮን የቆየ ክለብ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ፣ ያለ አንድ ተሟጋች፣ ከሠንጠረዡ ጠፋ። ከዚያ ወዲህም ስኮርኒቼሽት ወደ ላይኛው ሊግ ተመልሶ አያውቅም።

«ይገባዋል፤ በጉልበት የወጣ በጉልበት ወረደ» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። መልሱ ያለው በቡካሬስት ነው። በዚያ ሥርዓት ያለ ደጋፊ መሥሪያ ቤት የቆመ ትልቅ ክለብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስቴዋ የጦር ሠራዊቱ ነበር፤ ዲናሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፤ ራፒድ የምድር ባቡር ሠራተኞች። ከዚህም በላይ የቻውሼስኩ ልጅ ቫለንቲን ራሱ ከስቴዋ ጋር ጥብቅ ግንኙነት ነበረው፤ ስቴዋ በ1986 ባርሴሎናን በመለያ ምት አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣውም በዚያ ዘመን ነው። ሆኖም አብዮቱ ስቴዋን አላፈረሰም፣ ዲናሞንም አላፈረሰም። ለገዢው መቅረብ ብቻውን ጥፋተኛ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ ከስቴዋ በጀመረ ነበር። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሠራዊቱና ምድር ባቡሩ ገዢው ሲሞት አልሞቱም፤ ብዛት ያለው ደጋፊም ክለቡን «የእኔ» ይለዋል። የስኮርኒቼሽትን ክለብ ግን ያቆመው የአንድ ሰው ፈቃድ ስለነበር፣ ሰውየው ሲሄድ «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆምለት አልተገኘም። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ሠርቷል።

«ይህ የኮሙኒዝም በሽታ ነው፤ በነፃ ገበያ አይደገምም» የሚል ካለ ደግሞ የኡርዚቼኒን ታሪክ ይመልከት። ኡርዚቼኒ ከቡካሬስት ወደ ሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በ1954 የተመሠረተው ዩኒሪያ፣ ትርጉሙም «አንድነት»፣ ዕድሜውን አብዛኛውን ያሳለፈው በታችኛው ሊግ ነው። ባለሀብት ገንዘብ ሲያፈስበት በ2006 ወደ አንደኛው ሊግ ወጣ። አሠልጣኝ ሆኖ የመጣው ማን ነው? ያው በወጣትነቱ ለኤፍ.ሲ. ኦልት የተጫወተው ዳን ፔትሬስኩ። በ2009 ዩኒሪያ የሮማኒያ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ሬንጀርስን በገዛ ሜዳው ግላስጎው ላይ 4 ለ 1 ረታ፤ ሴቪያን ቡካሬስት ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ። ከምድቡ ለማለፍ በመጨረሻው ጨዋታ ከሽቱትጋርት ጋር አቻ መውጣት ይበቃው ነበር፤ 3 ለ 1 ተሸንፎ በ8 ነጥብ ሦስተኛ ሆነ። ቀጥሎም በዩሮፓ ሊግ በሊቨርፑል ተሰናበተ። ፔትሬስኩ ቀድሞ ለቆ ሄዶ ነበር፤ በ2010 አጋማሽ በርካታ ተጫዋቾች ወደ ስቴዋ ተሸጡ፤ ገንዘቡም ቆመ። ክለቡ በ2011 ከሊጉ ወርዶ ፈረሰ። ከሻምፒዮንነት እስከ መፍረስ የፈጀበት ሁለት ዓመት ነው። ኋላ በከተማዋ እንደገና የተቋቋመው ቡድን ከታች ነበር የጀመረው። ሥርዓቱ ተለውጧል፣ አምባገነኑ የለም፤ ክሩ ግን ያው አንድ ክር ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ያለ ባለሀብት ወይም ያለ ባለሥልጣን ትንሽ ከተማ መቼም ሻምፒዮንስ ሊግን አታይም። ሁለት ዓመት ደምቆ መጥፋት ሃምሳ ዓመት በታችኛው ሊግ ከመዳከር አይሻልም?» ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ለኡርዚቼኒ ሰው የግላስጎው ምሽት ዋጋ አለው። ነገር ግን ክርክሩ ምርጫውን ሁለት ብቻ ያደርገዋል። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ያሳየችው ቲሚሾዋራ ናት። የከተማዋ ትልቅ ክለብ በ2011 በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ቢጨርስም የላይኛው ሊግ ፈቃድ ተከለከለ፤ በዓመቱም ፈረሰ። ደጋፊዎቹ ሌላ ባለሀብት እስኪመጣ አልጠበቁም። ከ2012 ጀምሮ በአውራጃ ደረጃ የሚጫወተውን የዩኒቨርሲቲውን ቡድን፣ ፖሊቴክኒካን፣ የራሳቸው አድርገው ደገፉ፤ ቡድኑም ደረጃ በደረጃ ተነሥቶ ሁለተኛው ሊግ ደረሰ። እርግጥ ነው፣ ቲሚሾዋራ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ትንሿ ስኮርኒቼሽት ያንን ያህል ደጋፊ ልታሰባስብ አትችልም። ይህ ግን የሚወስነው ክለቡ የሚወጣበትን ከፍታ እንጂ የሚቆምበትን መሠረት አይደለም። ደጋፊው ጥቂት ከሆነ ክለቡ በአራተኛው ሊግ ይኖራል፤ ግን ይኖራል።

ስለዚህ የባለሀብት ገንዘብ አይምጣ ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ ሲመጣ የክለቡ ስም፣ ሜዳና የወጣቶች ቡድን በከተማው ሰው እጅ ይቆይ፤ ለጋሹ ሲሄድ ይዞ የሚሄደው የራሱን ገንዘብ ብቻ ይሁን ነው የምለው። የአንድ ትንሽ ክለብ ጥንካሬ የሚለካው ሻምፒዮን በሆነበት ቀን አይደለም። ጌታው በሄደ ማግስት ስንት ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ይቆምለታል የሚለው ነው መለኪያው። በቲሚሾዋራ ደጋፊዎች ቆመውለታል። በስኮርኒቼሽት በጥር 1990 የቆመለት አልነበረም።