ከአሞሌ ጨው እስከ ባትሪ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ወደ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው የአያቴ መንደር የመብራት መስመር አልገባላትም። ማታ ማታ ቤቱን የምታበራው አንዲት አነስተኛ ሶላር ናት። እሷም እንደተገዛች ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት ትቆይ ነበር፤ አሁን ግን ገና እራት ሳይቀርብ ድርግም ትላለች። ፓነሉም አምፖሉም ደህና ናቸው፤ የደከመው ባትሪው ነው። የአክስቴ ልጅ የ8ኛ ክፍል ፈተናዋን በኩራዝ ነበር የምታጠናው።

በዚያው ሰሞን በሬዲዮ «ከጨው የሚሠራ ባትሪ ተገኘ» ሲባል ሰማን። አያቴ ሳቅ ብለው፣ «ጨውማ እኛ ዘንድ መች ጠፍቶ! አባቴ አሞሌ በአህያ እየጫነ ሰቆጣ ገበያ ያራግፍ ነበር። እውነት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እኔ የጋዜጠኝነት እንጂ የኬሚስትሪ ተማሪ አይደለሁምና መልስ አጣሁ። ካምፓስ ስመለስ ጥያቄያቸውን ይዤ ላይብረሪ ገባሁ። ውድ አንባቢያን፣ ያገኘሁት እነሆ።

በመጀመሪያ ወሬው መሠረት አለው። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ ወደ ደጋው የሚወጣ ጨው ሲሆን፣ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ሰቆጣም ከታወቁት ገበያዎቹ አንዷ ነበረች። ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውህድ ነው። በ1 ኪሎ ንጹህ ጨው ውስጥ 390 ግራም ያህል ሶዲየም አለ። ዛሬ በሞባይላችን ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ሶዲየም ከሊቲየም ከሺህ እጥፍ በላይ ይበዛል። እርግጥ አሞሌውን እንዳለ ባትሪ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ አስቀድሞ ወደ ሌሎች የሶዲየም ውህዶች መለወጥ አለበት።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? የማደሪያ ችግር ነው። ባትሪ ኤሌክትሮድ የሚባሉ ሁለት ቤቶች አሉት እንበል። ቻርጅ ሲደረግ አዮኖች ወደ አንዱ ቤት ይገባሉ፤ መብራቱ ሲበራ ወደ ሌላው ይመለሳሉ። በሊቲየም ባትሪ አንደኛው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ግራፋይት ነው፤ የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ማለት ነው። ሶዲየም ግን ከሊቲየም በአካሉ ይገዝፋል፤ ከግራፋይት ጋርም የተረጋጋ ውህደት አይፈጥርም። ስለዚህ ሌላ ቤት መፈለግ ግድ ሆነ።

ከተፈለጉት ቤቶች አንዱ ሜታል ሰልፋይድ ነው፤ ማለትም ብረት ወይም ሌላ ማዕድን ከድኝ ጋር ሲዋሃድ የሚገኘው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስታንሊ ዊቲንግሃም እ.ኤ.አ. በ1976 ቲታኒየም ዳይሰልፋይድን ለሊቲየም ባትሪ ኤሌክትሮድነት እንደሚሆን አሳይቷል። በባትሪ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድን ብንወስድ፣ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ንብርብር ነው። በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከግራፋይቱ እጥፍ ሊሞላ ምንም ስለማይቀረው ሶዲየም ሰተት ብሎ ይገባል። ፓይራይት ደግሞ ፈረንጆች «የሞኝ ወርቅ» የሚሉት፣ ከብረትና ከድኝ ብቻ የተሠራ ርካሽ ማዕድን ነው። በስሌት ደረጃ 1 ግራም ፓይራይት 894 ሚሊአምፒር ሰዓት ሊይዝ ይችላል። ግራፋይት በሊቲየም የሚይዘው 372 ነው።

ቁጥሩ ያጓጓል አይደል? ነገር ግን መዘዝ አለው። ሶዲየም ሲገባ ሰልፋይዱ ያብጣል፤ ሲወጣ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም፣ ዝናብ ጠጥቶ ፀሐይ እንደመታው የጭቃ ግድግዳ ይሰነጣጠቃል። ከድኙም የተወሰነው በባትሪው ፈሳሽ ውስጥ እየሟሟ ይጠፋል። እኛ አገር ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ጭድ እንደሚቀላቀልበት ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም ሰልፋይዱን እጅግ አድቅቀው ከካርቦን ጋር ያዋህዱታል። ካርቦኑ ደግፎ ይይዘዋል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፍለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች ፈሳሹን ቀይረው፣ ቮልቴጁም ከ0.8 በታች እንዳይወርድ ገድበው፣ ፓይራይትን 20,000 ጊዜ ሞልተው ማራገፍ እንደቻሉ ጽፈዋል። ይህ ግን በላቦራቶሪ የተሠራ የሙከራ ባትሪ እንጂ ገበያ ላይ የዋለ ዕቃ አይደለም።

የሶዲየም ባትሪ ራሱ ግን ወደ ገበያ መውጣት ጀምሯል። የቻይናው ካትል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በኪሎ 160 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሶዲየም ባትሪ አስተዋውቋል። እንዲህ ባሉት ባትሪዎች ውስጥ የሶዲየሙ ማደሪያ ሃርድ ካርቦን የሚባለው ነው፤ ሰልፋይዱ ገና ተራውን እየጠበቀ ነው። በዚህ የባትሪ ምርምር የእኛ ልጆችም አሉበት። በታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስለ ባትሪ እያጠኑ ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል።

እንግዲህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርቱ ይህ ይመስለኛል። «ተገኘ» እና «እየተሞከረ ነው» የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። ስለ አዲስ ባትሪ ስንጽፍ ቢያንስ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ስንት ጊዜ ይሞላል? የተሞከረው ባትሪ መጠኑ ምን ያህል ነው? ዋጋውስ? ሬዲዮው ከሦስቱ አንዱንም አልነገረንም። ለከተማ ሰው ቀላል ስህተት ሊመስል ይችላል። ባትሪ ለመቀየር ፍየል መሸጥ ለሚኖርበት ሰው ግን ዛሬ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ የሚለው ጥያቄ በዚያ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

ለአያቴ ስልክ ደውዬ፣ «እውነት ነው አያቴ፣ ግን ገና ነው፤ ለአሁኑ ያለውን ባትሪ ይቀይሩ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ጎሽ፣ ከተስፋው እርግጡን መንገርህ ይሻላል» አሉኝ። ቸር ይግጠመን!