ሶፊያን ጠብቃችሁ ከመጣችሁ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ወደሚያዘጋጁት የሮቦቲክስ ስብሰባ ጎራ ያለ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሮቦቱ የታለ?» ብሎ ነው። ሮቦቱ እግሩ ሥር ነው። ሽቦው የተንጨባረረ፣ ከጫማ ካርቶን ያነሰ፣ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ። እንግዳው ግን የሚፈልገው ሶፊያን ነው።

አይፈረድበትም። ሰው መሰሏ ሮቦት ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ ያልሰማ አልነበረም። የሠራት የሆንግ ኮንጉ ሀንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ በሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆችም እጃቸው አለበት። የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፍቶ መግለጫዋ መሰረዙ ዛሬም ያስቀኛል። ጉብኝቱ ግን አንድ ጣጣ ትቶብን ሄደ፤ ፊትና አፍ የሌለውን ሮቦት ከቁም ነገር አንቆጥረውም።

ወለሉ ላይ ያለው ጋሪ ነጭ ላይ የተሠመረ ጥቁር መስመር ስለሚከተል «መስመር ተከታይ» ይባላል። ዘሩም የዋዛ አይደለም። እንግሊዛዊው ግሬይ ዋልተር በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ብሪስቶል ላይ ብርሃን እየፈለጉ የሚሄዱ ኤሊ መሰል ማሽኖች ሲሠራ፣ የእያንዳንዳቸው «አንጎል» ሁለት የቫክዩም ቱቦ ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት የተለመደው የአርዱይኖ ኡኖ መቆጣጠሪያ ቦርድ 2 ኪሎባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ አለው፤ ለዚህ ሥራ ይተርፋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሆዱ ሥር ጥንድ ሴንሰሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጭና ከወለሉ የተመለሰውን ይለካል። ነጭ ይመልሳል፣ ጥቁር ይውጣል። የግራው ሴንሰር ጥቁር ካገኘ መስመሩ ወደ ግራ ታጥፏል ማለት ስለሆነ የግራው ሞተር ይዘገያል፤ ጋሪው ወደ ግራ ይዞራል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚጀምረው፤ ለዓይናችን ጥቁር የሆነ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም! ሆሳዕና ውስጥ በታደምኩበት አንድ ስብሰባ ልጆቹ ትራኩን በጥቁር ማርከር አሰማምረው ሥለው ነበር። ጋሪው መስመሩን እንዳላየ አቋርጦት አለፈ። ኮዱ ተፈተሸ፣ ባትሪው ተቀየረ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ተጫነ፤ ያው ነው። ጥፋቱ የቀለሙ ነበር። ብዙ የማርከርና የኢንክጄት ቀለም ለእኛ ጠቁሮ ይታይ እንጂ ኢንፍራሬድን ያሳልፈዋል፤ ብርሃኑም ነጩ ወረቀት ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ካርቦን ያለበት ጥቁር ግን ይውጠዋል። የሌዘር ፕሪንተር ቶነርና ጥላሸት የሚያስተማምኑት ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጥቁር ፕላስተርም ይሠራል፤ የሚያብለጨልጨው ዓይነት ግን አንዳንዴ ያታልላል።

ማርከሩ በፕላስተር ሲተካ ጋሪው ሄደ። መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ግን እንደገና ሳተ። የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ አለበት፤ ሴንሰሩ የራሱን ብርሃን ከፀሐይዋ መለየት አቃተው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ምንም ሳትናገር ከደብተር ሽፋን ቁራጭ ቀድዳ በሴንሰሮቹ ዙሪያ እንደ ቀሚስ አለበሰቻቸው። «ጋሼ፣ አሁን ይዩት» አለችኝ። ዙሩን ጨረሰ። የዕለቱ ተናጋሪ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጪ ዘመን ረጅም ስላይድ ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ አንዱንም አላስታውስም።

ስለ ሞተርና ባትሪ ብዙ አልልም፤ አንድ ተግሣጽ ግን አለኝ። እባካችሁ ያቺን አራት ማዕዘን የ9 ቮልት ባትሪ ለሞተር አታድርጓት፤ ብዙ ከረንት መስጠት አትችልም። የሞተሩን ባትሪ ለብቻ ስታደርጉም ግራውንዱን ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋር አገናኙ። ይህን ዘንግተው «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚሉትን ቤት ይቁጠራቸው።

የሀዲያና የከምባታ ልጆች ሮቦት ሲባል እንሰት የሚፍቅ ማሽን ማሰባቸው አይቀርም፤ ተገቢም ነው፣ የፋቂዎቹ እናቶች ድካም ይታወቃል። ችግሩ ግን ያው የጋሪው ችግር ነው። መፋቂያው ጫን ካለ ቃጫውን ይበጥሳል፣ ከላላ ደግሞ ሥጋውን ይተወዋል። ማሽኑ የሠራውን እየለካ ራሱን ማረም አለበት። ሁለት ሞተር ይዞ ጥቁር መስመር መከተል ያልቻለ ቡድን ይህን ከየት ያመጣዋል?

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ ዋናው ግቢ፣ ዱራሜ ላይ ደግሞ ካምፓስ አለው፤ የምህንድስና ተማሪም ሞልቶታል። ስብሰባ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ተናጋሪውን ወደ ኋላ አድርጉትና መጀመሪያ ትራኩን ወለሉ ላይ አንጥፉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንም ጥሩ። መስኮቱን ግን በመጋረጃ ሸፍኑ።