ቅርበት መረጃ ነው ወይስ አድልዎ? የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦችና የአቅራቢያ ኮሌጅ ተጫዋቾች

እ.ኤ.አ. በ1983 በተካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ ፉትቦል ሊግ ድራፍት፣ ፒትስበርግ ስቲለርስ በ21ኛው ተራ የመረጠው ከቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተከላካይ ነበር። ትውልዱም ትምህርቱም እዚያው ፒትስበርግ የሆነው ኳርተርባክ ዳን ማሪኖ ታለፈ። ማያሚ ዶልፊንስ በ27ኛው ተራ ወሰደው፤ በ2005ም ወደ ስፖርቱ የዝና አዳራሽ ገባ። ያው ስቲለርስ በ2022 በ20ኛው ተራ ከዚያው ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኬኒ ፒኬትን መረጠ። ፒኬት ሁለት የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ2024 ወደ ፊላዴልፊያ ተላለፈ። ክለቡና ዩኒቨርሲቲው የሚጫወቱት በአንድ ስታዲየም ነው። በመጀመሪያው ውሳኔ ክለቡ ደጁ ላይ ያለውን አላየም፤ በሁለተኛው ደግሞ ለደጁ አደላ ይባላል። ሁለቱም ወቀሳዎች የሚነሡት ከውጤቱ በኋላ በመሆኑ ስለ ክለቦች አመራረጥ የሚያስረዱት ጥቂት ነው። ክለቦች ከአቅራቢያቸው ኮሌጆች ከሚገባው በላይ ይመርጣሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ሌላ መንገድ ይሻል።

ድራፍት እ.ኤ.አ. በ1936 የተጀመረ ሥርዓት ሲሆን፣ ዛሬ 32 ክለቦች በ7 ዙር የኮሌጅ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጡበታል። በቀደመው ዓመት ዝቅተኛ ውጤት ያገኘው ክለብ ቅድሚያ አለው። እንደ እግር ኳስ ዝውውር ተጫዋቹ ከክለቦች ጋር ተደራድሮ የሚሄድበትን አይመርጥም፤ የመረጠው ክለብ ብቻ ያስፈርመዋል። ለተመራማሪ የዚህ ሥርዓት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በተራ የሥራ ገበያ ሠራተኛው በሰፈሩ ሲቀጠር፣ አሠሪው ፈልጎት ይሁን እሱ ከቤቱ መራቅ ጠልቶ መለየት ያስቸግራል። በድራፍት ግን የተጫዋቹ ፍላጎት፣ ከጥቂት የታወቁ እምቢታዎች በቀር፣ ከስሌቱ ወጥቷል። የሚቀረው የክለቡ ምርጫ ነው።

ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚጀመረው በቆጠራ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ነው። ለምሳሌ አንድ ክለብ በዓመት 8 ተጫዋች ቢመርጥና ለድራፍት ከሚበቁት መካከል 5 በመቶው ከክለቡ በ160 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢገኙ፣ ያለ አንዳች አድልዎ በ10 ዓመት 4 የአቅራቢያ ተጫዋቾች ይጠበቃሉ። ሰባት ቢገኙስ? ደጋፊውም ጋዜጠኛውም አድልዎ ይላል። ሆኖም ሰባትና ከዚያ በላይ በዕጣ ብቻ የመገኘቱ ዕድል ከአሥር አንድ ያህል ነው። ክለቦቹ 32 እንደመሆናቸው፣ ሦስት ያህሉ ምንም ሳያደሉ አድሏዊ መስለው ይታያሉ ማለት ነው። በተጨማሪም የተጫዋቾች ምንጭ በአገሪቱ እኩል አልተሰራጨም። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያና ካሊፎርኒያ ብዙ ስለሚያፈሩ፣ የአትላንታ ክለብ ዓይኑን ጨፍኖ ቢመርጥ እንኳ ከሲያትል ክለብ ይልቅ ብዙ ጎረቤት ያገኛል።

“ቅርብ” የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክልል ወሰን መጥፎ መለኪያ ነው። የካንሳስ ሲቲ ክለብ ሜዳ ያለው በሚዙሪ ግዛት ነው፤ ይሁን እንጂ ወሰን ተሻግሮ የሚገኘው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በራሱ ግዛት ካለው ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ይልቅ እጅግ ይቀርበዋል። በግዛት የሚቆጥር ጥናት ሁለቱን ገልብጦ ይመዘግባል።

ቆጠራው በትክክል ተሠርቶ ትርፍ ቢገኝ እንኳ፣ ትርፉ ጥፋት መሆኑ ገና አልታወቀም። ቅርበት እውቀት ይሰጣል። የሊጉ ደንብ ራሱ ይህን ያጠናክራል፤ አንድ ክለብ ከድራፍቱ በፊት ወደ ማዕከሉ ሊጠራ የሚችለው 30 ተጫዋች ብቻ ሲሆን፣ በከተማው አካባቢ የተማሩ ወይም ያደጉ ግን ከቁጥሩ አይገቡም። የጎረቤት ክለብ ስለ ጉልበቱ ጤንነት፣ ስለ ልምምድ ጠባዩ፣ ከአሠልጣኙ ጋር ስላለው ግንኙነት በርካሽ ያውቃል። በፋይናንስ ጥናት ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጆሹዋ ኮቫልና ቶቢያስ ሞስኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ፈንድ አስተዳዳሪዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው ቅርብ ወደሆኑ ኩባንያዎች እንደሚያጋድሉ አሳዩ፤ በ2001 ደግሞ እነዚያው የቅርብ አክሲዮኖች የተሻለ ትርፍ እንዳስገኙላቸው አመለከቱ። ማጋደሉ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትርፉ ባልተገኘ ነበር።

በመሆኑም መጠየቅ ያለበት ውጤቱ ነው። ከጋሪ ቤከር የአድልዎ ኢኮኖሚክስ የመነጨው ይህ ፈተና በድራፍት ላይ በሚገባ ይሠራል፤ የተመረጠበት ተራ ለተጫዋቹ እንደተከፈለ ዋጋ ስለሚቆጠር። በአንድ ዓይነት ተራ ከተመረጡት መካከል የአቅራቢያዎቹ ከሩቆቹ ካነሱ፣ ክለቡ ለቅርበት ከልክ በላይ ከፍሏል። ከበለጡ መረጃው ጠቅሞታል። እኩል ከሆኑ ግን ሁለቱ ኃይሎች ተጣፍተው ሊሆን ይችላል፤ ፈተናው እዚህ ላይ ዝም ይላል። መለኪያው የተጫወተው ጨዋታ ብዛት ባይሆን ይመረጣል፤ የሰፈሩን ልጅ ደጋፊው ስለሚጮኽለት አሠልጣኙ ደጋግሞ ሊያሰልፈው ይችላል። ከ2011 ስምምነት ወዲህ የድራፍት ተጫዋች የመጀመሪያ ውል አራት ዓመት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በሌላ ክለብ ዓይን የሚተመንለት ሁለተኛ ውል ይበልጥ ንጹሕ ምስክር ነው።

ዙሩም ይናገራል። በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡትን ሁሉም መልማይ ደጋግሞ አይቷቸዋል፤ የጎረቤት እውቀት የሚጨምረው ጥቂት ነው። የመረጃ ጥቅም ካለ መታየት ያለበት በስድስተኛውና በሰባተኛው ዙር ነው። ደጋፊን ማስደሰት ከሆነ ግን ስሙ በሚታወቀው፣ በመጀመሪያው ዙር ይጎላል። እርግጥ የቴሌቪዥኑ ብሔራዊ ገቢ ለክለቦቹ እኩል የሚከፋፈል በመሆኑ፣ ትኬት ለመሸጥ ሲባል የሰፈር ልጅ የመምረጡ ግፊት ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው።

ጉዳዩ ለተጫዋቾቹ ቀላል አይደለም። በመረጃ ምክንያት ማጋደል ለክለቡ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከማንም ክለብ ርቆ ለሚጫወት ወጣት ግን ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በግዛቱ ክለብ ባይኖርም ዝናው መልማዮችን ይጠራል። ከሲያትል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን በአጋጣሚ የሚያየው ጎረቤት የለውም። በሰባተኛው ዙር የሚወስነው ይህ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የታለፉት ጉዳይ ነው። የተሻለ እውቀት ለመምረጥ ብቻ ሳይሆን ለመተውም ይረዳል። ጉድለቱን የሚያውቅ ጎረቤት ይተወዋል፤ የማያውቀው ሩቅ ክለብ ይገዛዋል። ስለዚህ የአቅራቢያ ምርጫዎች ቁጥር ከዕጣ ባይበልጥም መረጃው በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱም በጎረቤታቸው ክለብ ታልፈው ወዲያው በሌላ የተመረጡ ተጫዋቾች ከተራቸው በታች ሆነው መገኘታቸው ነው። እነዚህን የማይመዘግብ ጥናት የጉዳዩን እኩሌታ ብቻ ያያል። ማሪኖ በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ውስጥ የመረጃውን መላምት የሚቃወም አንድ መስመር ይሆናል። ያም ሆኖ በ1983 ከእርሱ በፊት 26 ምርጫዎች ተካሂደዋል፤ ከእነርሱም አምስቱ ኳርተርባኮች ነበሩ። ያለፈው ጎረቤቱ ብቻ አልነበረም።