ኅዳር ጽዮን በዝዋይ ሐይቅ

እኛ አሰላ ያደግን ሰዎች በውኃ ላይ ስለሚከበር በዓል ሲወራ ሐሳባችን ወደ ጣና ይሄዳል። የራሳችን ሐይቅ ትዝ አይለንም። ሰማዩ ጥርት ሲል ከጭላሎ ግርጌ ሆኖ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው ዝዋይ ከታች ተንጣሎ ይታያል፤ ምሥራቃዊ ዳርቻው የአርሲው ዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ነው።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ስትነግሥ የምወርደው ወደዚያ ነው። ወቅቱ በኢተያ በኩል ኮምባይነር ስንዴ የሚያጭድበት ነው። በኦጎልቾ በኩል ወደ ባቱ ስንወርድ የደጋው ብርድ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ያወልቃል። ከባቱ በኋላ ያለው ጉዞ በሞተር ጀልባ ነው፤ የምንሄደው ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ወደሆነው ቱሉ ጉዶ፣ ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም ነው። አበው እንደሚተርኩት በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉት እዚህ ነው። በዓሉ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ቅርጫ የለም፤ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ይበቃል።

የደሴቶቹ ባለቤቶች ዛዮች ናቸው። ቋንቋቸው ለሐረሪና ለስልጤ ይቀርባል። ለዘመናት ዓሣ እያሰገሩ፣ ጥጥ እየሸመኑ፣ ገደሉን በድንጋይ እርከን እያረሱ ኖረዋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ብዙዎቹ ወደ የብሱ ወጥተዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ የአሳ አጥማጁ ጀልባ ነው። ከሐይቁ ዳር የተቆረጠ ተክል ይደርቅና በነዶ በነዶ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ምስማር የሚባል ነገር አይነካውም። ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ መልስ ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ቀዛፊው መረቡን ሲስብ ውኃው እግሩ ሥር ይንቦጫረቃል፣ እሱ ግን ሚዛኑን አይስትም። ቆሮሶና አምባዛ እየያዘ ልጆቹን ያሳደገው በዚህ ነው። ምዕመኑን ግን የሚያሻግረው ሞተር ነው፤ የነዶው ጀልባ የበዓሉ አካል ሆኖ በክብር ቢቀርብ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ሐይቁ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገባበት ደለል ቶሎ ይታወቃል። ትልቁ ገባር ካታር የሚነሳው ደግሞ ከእኛው ደጋ፣ ከጭላሎና ከጋለማ ነው። ተዳፋቱን እስከ አናቱ ስናርስ ክረምት ያጠበው አፈር የሚያርፈው በአሳ አጥማጆቹ መረብ ሥር ነው። በዳርቻው የመስኖ ፓምፕ ውኃውን ይስባል፤ እምቦጭም ገብቷል።

ከአሰላ ለበዓሉ የሚወርድ ሰው፣ በተለይ ገበሬ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጀልባው እስኪመለስ ዳርቻ ላይ ባይቀመጥ እመክራለሁ። ወደ ላይ ወጥቶ የቱሉ ጉዶን እርከን ይይ፤ ድንጋዩ እንዴት እንደተደረደረ ባለቤቱን ይጠይቅ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚናወጥ ይህን ሁሉ በጊዜ ጨርሶ መሻገር ይሻላል።