የብስክሌት ቅናሽና የካቺሲ ቁልቁለት

በግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ በካቺሲ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ አንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራችን ክረምቱ ሊገባ ሲል መልእክት ላከልን። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ብስክሌት ሻጭ የክረምት ቅናሽ አድርጓል፤ ብስክሌቱም «የተራራ» የሚባለው ዐይነት ነው፤ ባልንጀራችን ከደመወዙ እየቆነጠረ ያጠራቀመው ገንዘብም ከዋጋው ጋር ልክ ለልክ ሆኖለታል። «ልግዛው ወይስ ልተወው? ብገዛውስ ከማን ጋር እነዳዋለሁ?» ሲል ጠየቀን።

መልሱን ለእርሱ ብቻ ጽፈን ልንተወው አስበን ነበር፤ ኋላ ግን ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ታየን። ትምህርቱን ጨርሶ በገጠር ከተማ የተመደበ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት የሚገጥመው ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም የሥራው ቦታ ሰፊ፥ እግሩ ግን ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ባጃጅ የማይደርስበት ቀበሌ አለ። በቅሎ ለመግዛት ደግሞ መኖና በረት ያስፈልጋል። ብስክሌት ገብስ አይበላም። ስለዚህ መልሱን በዚህ ገጽ ላይ ማውጣቱን መረጥን።

ካቺሲን ያላየ አንባቢ ቢኖር፥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ ጊንጪ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ከዚያም በጀልዱ በኩል ደጋውን ይዞ ይሄዳል። ከካቺሲ ወዲያ አገሩ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ብስክሌት የሚነዳ ሰው በደጋው ሜዳ ላይ ሳለ ማንኛውም ብስክሌት ይበቃው ይመስለዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው አፋፉ ላይ ሲደርስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቅናሹ እንናገር። ነጋዴ ዋጋ የሚቀንሰው ለገዢው አዝኖ አይደለም፤ ይህም ነውር የለበትም። በሐምሌና በነሐሴ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ ዕቃው ግን የሱቁን ቦታ ይዞ ይቆማል፥ የቤቱ ኪራይም ዝናብ ነው ብሎ አይቀርም። ስለዚህ ሻጩ ጥቂት ተጎድቶም ቢሆን ዕቃውን ወደ ገንዘብ መለወጥ ይሻላል ይላል። በውጭ አገር ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ አዲስ ዐይነት ስለሚያወጡ፥ አዲሱ ሲመጣ የዓምናው በርካሽ ይሸጣል። በዓምናውና በዘንድሮው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከቀለሙ አያልፍም፤ የሚያውቅ ገዢ ይህን ጊዜ ይጠብቃል።

ሻጩን የገደለ ቅናሽም አለ። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሰው አውቶቡስ ፈርቶ ብስክሌት ገዛ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆቹ ባዶ ሆኑ። ፋብሪካዎቹና ነጋዴዎቹም ይህ ገበያ የማያልቅ መስሏቸው ብዙ አዘዙ። ዕቃው ሲደርስ ግን የሚገዛው ሰው ገዝቶ ጨርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋ መስበር መጣ፤ ዊግል የተባለው ትልቁ የእንግሊዝ ሻጭ እንኳ በ2023 ዕዳውን መሸከም አቅቶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። በእኛ አገር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ጎማውም ካቴናውም ጭምር። ስለዚህ «ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስናይ፥ ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው የተቀነሰው ብሎ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

እስካሁን የጠቀስናቸው በሱቁ የተደረጉ ቅናሾች ናቸው። የሚያስፈራን ግን በፋብሪካው የተደረገው ቅናሽ ነው። ጎማው ወፍራም፥ ፊቱ ላይ ሞላ ያለበት፥ ብረቱ ላይ «ተራራ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የተጻፈበት፥ ነገር ግን ኩሽኔታው የሚንኳኳ፥ ፍሬኑም ከቆርቆሮ የተቆረጠ የሚመስል ብስክሌት አለ። እኛ ይህን የተማርነው በመጽሐፍ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሦስት ሆነን በመዋጮ አንድ ገዝተን ነበር፤ ዋጋውም እጅግ ደስ አሰኝቶን ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ወደ እንጦጦ እየተፈራረቅን እየገፋን ወጣን። ሲወርድ ዕጣ የወጣለት ባልንጀራችን የፍሬኑን እጀታ ቢጨብጠው እጀታው ከመሪው ጋር ተጣበቀ፤ ብስክሌቱ ግን ፍጥነቱን ጨመረ። ያቆመው ፍሬኑ ሳይሆን የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ ነው። ሰውየው በጭረት ብቻ ስለ ተረፈ ዛሬ እንስቅበታለን። ብስክሌቱን ያየ አንድ ጎሚስታ የፍሬኑን ሸራ በጥፍሩ ፍቆ «ይህ ላጲስ ነው እንጂ ፍሬን አይደለም» አለን።

ደግሞስ የተራራ ብስክሌት ታሪኩ ራሱ የፍሬን ታሪክ አይደለምን? በካሊፎርኒያ በማሪን አውራጃ ጥቂት ወጣቶች በ1970ዎቹ ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ ከባድ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ በተራራ መንገድ ቁልቁል ይነዱ ነበር። ከጥቅምት 1976 ጀምሮ በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ በአንድ የተራራ መንገድ ላይ ሰዓት እየያዙ መሽቀዳደም ጀመሩ። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ከግማሽ የማይሞላ ሲሆን ውረዱ 400 ሜትር ያህል ነው። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበርና፥ ታች ሲደርሱ በኋላው እግር ውስጥ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ከየውድድሩ በኋላ ፈተው አዲስ ግሪስ መሙላት ግድ ሆነባቸው፤ ውድድሩም ከዚሁ የተነሣ «ሪፓክ» ተባለ፥ ዳግመኛ መሙላት እንደ ማለት ነው። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 የተራራ ብስክሌት የሚሸጥ አንድ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ፤ ብረቱን ቶም ሪቺ ይሠራላቸው ነበር። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ «ስተምፕጃምፐር» የሚባለውን በብዛት እየሠራ ለገበያ አወጣ። በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። ከጭስ እስከ ኦሎምፒክ 20 ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

እስቲ ተማሪዎች ሒሳቡን አብረውን ይሥሩት። ነጂው 65 ኪሎ፥ ብስክሌቱ 15 ኪሎ፥ በጠቅላላው 80 ኪሎ ነው እንበል። ይህ ክብደት 400 ሜትር ሲወርድ 314,000 ጁል ያህል ኀይል ይለቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው በፍሬኑ በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጠቅላላው አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በደጋ አገር አፍልቶ ለሻይ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ከካቺሲ ደጋ እስከ ዐባይ ወንዝ ያለው ውረድ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ጣት የማያህሉ ሸራዎች ናቸው።

ስለዚህ ለባልንጀራችን የመጀመሪያው መልሳችን፥ ቅናሹን ከመቀበልህ በፊት እጅህን ፍሬኑ ላይ አድርግ የሚል ነው። የፊቱን ፍሬን ጨብጠህ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፋው፤ ጎማው ሳይዞር የኋላው እግር ከመሬት ሊነሣ ይገባል። እጀታው ከመሪው ጋር ከገጠመ ተወው። ጎማውን አንሥተህ አሽከርክረው፤ ቸርኬው እየተወላገደ የሚዞር ከሆነ፥ ወይም ራጂዎቹ በጣት ሲነኩ አንዳንዱ የላላ ከሆነ፥ ዋጋውን እንደገና ተነጋገር። ፊቱ ላይ ሞላ ስላለው አትደነቅ። ሞላ የሌለው ደኅና ፍሬን ያለው ብስክሌት ሞላ ካለው ፍሬን ከሌለው ይሻላል። ቸርኬው 26 ኢንች ቢሆን ካላማዳሪው በገበያ ይበልጥ በቀላሉ ይገኛል። ከገንዘብህም ጥቂት አስተርፍና ሁለት ካላማዳሪ፥ አንድ ፖምፓና መለዋወጫ የፍሬን ሸራ ግዛ፤ ከካቺሲ ወደ አዲስ አበባ ለአንድ ሸራ መመላለስ ቅናሹን ሁሉ ይበላዋልና።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ማለት ከማን ጋር እነዳዋለሁ ያለው፥ ከፊተኛው የሚያንስ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን ይበልጥ የሚከብደው ይህ ነው እንላለን።

አገራችን ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በጎዳና ውድድር ተሰልፈዋል፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት ሲዝናናባቸው አይተናል። ይሁን እንጂ በብዙ አገር የተለመደው፥ የብስክሌት ሱቅ ራሱ ደንበኞቹን ሰብስቦ የሚያወጣበት ጉዞ በእኛ ዘንድ ገና አልተስፋፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፥ በታወቀ ሰዓት፥ ሰው ብስክሌቱን ይዞ በሱቁ ደጃፍ ይሰበሰባል። ጀማሪ ከጀማሪ፥ ፈጣን ከፈጣን ይመደባል። ከሱቁ ሰዎች አንዱ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ሌላው የመጨረሻውን ሰው ሳያሳልፍ ከኋላ ይከተላል። በየመታጠፊያው ፊተኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንም ተጥሎ አይቀርም። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም መፈለግ አያስፈልገንም፤ ፊታውራሪና ደጀን የሚሉት ቃላት ከድሮ ጀምሮ አሉልን። ታዲያ ደጀኑ ከሁሉ የበረታውና ትዕግሥተኛው ሰው መሆን አለበት፤ ብዙዎች ይህን ገልብጠው ደካማውን ከኋላ ይተዉታል።

ሱቁስ ለምን ይደክማል ቢባል፥ ለራሱ ሲል ነው። ብስክሌት አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ የሚነዳ ሰው ግን ለጎማ፥ ለሸራ፥ ለካቴና በየጊዜው ይመለሳል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ብስክሌት ለገዢውም ለሻጩም የሞተ ዕቃ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ የፍሬኑ ጉድለት ይታወቃል፤ የሚታወቀውም መፍቻ የያዘ ሰው አጠገብ ሳለ ነው። እንጦጦ ላይ የጎደለን ይህ ነበር።

በካቺሲ ይህን የሚያደርግ ሱቅ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል ብለን አናምንም። የጎሚስታው ደጃፍ ወይም የትምህርት ቤቱ በር ይበቃል። አንድ መምህር፥ አንድ የጤና ባለሙያ፥ አንድ የግብርና ሠራተኛ፥ ሌላም ሁለት ቢጨመሩ አምስት ሰው ነው። አምስት ሰው ሆነው አሥር ካላማዳሪና አምስት ጥንድ ሸራ ባንድነት ቢያዝዙ ነጋዴው በጅምላ ዋጋ ሊያስብላቸው ይችላል፤ መኪና ላይ የሚጫነውም አንድ ጊዜ ነው። ይህ ቅናሽ ደግሞ ክረምትና በጋ አይጠብቅም።

ስለ ጊዜው ጥቂት ቃል። በክረምት ግዛ እንጂ በክረምት የእግር መንገድ ላይ አትንዳ። መረሬው አፈር ጎማውን ይጠመጥመዋል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ጎማው የቀደደው ቦይ ነው፥ ዝናቡ ያንኑ ተከትሎ የገበሬውን ማሳ ይሸረሽራል። በአሜሪካ እንኳ ብዙ የተራራ መንገዶች ከዝናብ በኋላ ለብስክሌት የሚዘጉት ስለዚህ ነው። ከመስቀል በኋላ መሬቱ ይጠነክራል፤ ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር እህሉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟልና አንድ በአንድ ተከታትሎ መሄድ ይገባል። ከታኅሣሥ ወዲህ ሜዳው ክፍት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሾህ አለ። በየትኛውም ወራት ሽቅብ ለሚወጣው ቁልቁል የሚወርደው ይቆምለታል፤ እንጨት ለተሸከመች እናትና ለተጫነች አህያ ደግሞ ሁሉም ወርዶ ይቆማል፥ «አካም ጅርቱ» ብሎም ያልፋል። በምዕራብ ሸዋ በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር እንደ ነበረ የታወቀ ስለ ሆነ፥ መንገዱን የአገሬውን ሰው ሳይጠይቁ መውጣት ጀግንነት አይደለም።

ወደ ሸለቆው መውረድን በመጀመሪያዎቹ ወራት አንመክርም። የወረደ ይወጣል፤ ታች ቆላ ነው፥ ላይ የነበረው ብርድ ውሃ መያዝን ያስረሳል። እስከ አፋፉ ሄዶ፥ ቁጭ ብሎ፥ የጎጃምን ተራሮች አይቶ መመለስ ለአንድ እሑድ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለባልንጀራችን ጽፈን ከላክንለት በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ኋላ መልሱ መጣ። በአዲስ አበባ ያለ ወንድሙን ልኮ ፍሬኑን አስፈትኖታል፤ እጀታው ከመሪው ጋር ገጥሞ ተገኘ፤ ብስክሌቱንም ትቶታል። ከሌላ ሰው እጅ ሞላ የሌለው አሮጌ አግኝቶ ገዝቷል፤ በተረፈው ገንዘብ ሸራውንና ጎማውን አስለውጧል። ሁለት መምህራንም የራሳቸውን ብስክሌት አውጥተው አቧራውን እየጠረጉ ነው። ከመስቀል በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ሊወጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ፊታውራሪ አግኝተናል፥ ደጀን ግን ጎድሎናል ይላል። እኛም የጊንጪን አውቶቡስ መነሻ ሰዓት እያጠያየቅን ነው።