የማዳበሪያ እጥበት፣ የሐይቅ አረንጓዴነትና የጤና ባለሙያው

የአርሲ ደጋ ውኃ በሁለት አቅጣጫ ይወርዳል። የጭላሎ፣ የጋላማና የካካ ተራሮች ውኃ ከፋይ ሆነው፣ በስተምዕራብ ያለው በካታር ወንዝ በኩል ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል፤ በስተምሥራቅ የጎበሳንና የአካባቢዋን ማሳ የሚያጥበው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ወራጅ ውኃ የተሸከመውን ይዞ ያልፋል፤ ሐይቅ ግን ያጠራቅማል። በተለይም የዝዋይ አማካይ ጥልቀት ከሦስት ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከሥር የተቀመጠው ደለል እየታወከ በውስጡ የያዘውን ፎስፈረስ መልሶ ለውኃው ይሰጣል።

በአርሲ የማዳበሪያ አጠቃቀም በስፋት የተጀመረው በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ሥራ ሲጀምር ነው። የስንዴና የገብስ ምርት በዚህ ምክንያት ማደጉ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሰብሉ ያልተጠቀመበት ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በክረምት ጎርፍ አፈሩ ሲሸረሸር አብሮ ይወርዳል። አንድ ኩንታል ዳፕ 20 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ ፎስፈረስ ይዟል። አንድ አዋቂ ሰው በዓመት በዓይነ ምድርና በሽንት የሚያስወግደው ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደርና ፍሳሹን የማያጣራ ከተማም የየበኩላቸውን ይጨምራሉ።

ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበዙበት ሙቅና የረጋ ውኃ ውስጥ አልጌ ከመጠን በላይ ይራባል። በባሕር ዳርቻዎች ይህ ክስተት ባሕሩን ሊያቀላና የዛጎል ምግብን ሊመርዝ ይችላል። ባሕር በሌላት ኢትዮጵያ ጉዳዩ የሩቅ መስሎ ቢታይም፣ በሐይቆቿ የሚራባው ሳይኖባክቴሪያ የተባለው ተሕዋስ ከባሕሩ የሚያንስ አደጋ የለውም። በልማድ አልጌ ይባል እንጂ በእርግጥ ባክቴሪያ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ ማይክሮሲስቲስ ሲሆን፣ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን ጉበትን ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ዝዋይንና ቆቃን ጨምሮ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይህንኑ መርዝ አግኝቷል፤ በቆቃ የተገኘው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውኃ በመመሪያነት ካስቀመጠው በሊትር 1 ማይክሮ ግራም እጅግ የላቀ ነበር።

የመርዙ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ ታይቷል። በአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ከታከሙት 131 ሕሙማን 116ቱ ታመሙ፤ 52 ሞት በመርዙ ምክንያት መሆኑ ተረጋገጠ። ውኃው የተቀዳው ሳይኖባክቴሪያ ከበዛበት ግድብ ነበር። እርግጥ እጥበት መርዙን በቀጥታ ወደ ደም ያስገባል፤ በመጠጥ የሚገባው መጠን የዚያን ያህል ፈጣን ጉዳት አያደርስም።

ለጤና ባለሙያው ትልቁ ችግር የተለመደው ምክር እዚህ ላይ መገልበጡ ነው። «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ትምህርት ለተቅማጥ ተሕዋስያን ትክክል ነው፤ ማይክሮሲስቲን ግን በመፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው መርዝ ይለቀቃል፣ ውኃውም በትነት ሲቀንስ መርዙ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ ቶሌዶ ከተማ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ «አታፍሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ የተነገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሎሪንም ቢሆን መርዙን በሚገባ የሚያፈርሰው የውኃው ፒኤች ከ8 በታች ሆኖ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሲቆይና ቀሪው ክሎሪን በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም ሳያንስ ሲቀር ነው። የዝዋይ ውኃ ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ከፍ ይላል። ስለሆነም አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር በተንሳፈፈበት ወቅት የሚሰጠው ምክር ውኃ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ እንዲቀዳ፣ ይህ ካልተቻለ ከአረንጓዴው ርቆ እንዲቀዳና ሕዋሱ ሳይፈነዳ በአሸዋ ተጣርቶ ከዚያ በኋላ ክሎሪን እንዲጨመርበት ነው።

ምልክቶቹ ከሌሎች በሽታዎች ጋር በቀላሉ ይምታታሉ፦ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ በውኃው በታጠበ ገላ ላይ የሚወጣ ሽፍታና የዓይን መቅላት። የጉበት ኤንዛይም መጨመርና ቢጫነት ከታየ ቫይራል ሄፓታይተስን፣ የባህል መድኃኒትንና የአረም መርዝን አብሮ ማሰብ ይገባል። ለመርዙ ፍቱን ማርከሻ የለም፤ ሕክምናው ፈሳሽ መተካትና ጉበትን መከታተል ነው።

በጎበሳ በኩል የሚገኝ ጤና ጣቢያም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ከብት የሚጠጣበትና ፋንድያ የሚታጠብበት ኩሬ ትንሽ ሐይቅ ነውና። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞተውም ከብት ነው። ከአንድ ኩሬ የጠጡ ከብቶች ባጭር ጊዜ መሞታቸው ከተሰማ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር መነጋገር፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ፣ የውኃውንም ናሙና በብርጭቆ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ከብርሃን ሸፍኖና በበረዶ ሣጥን አቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ መላክ ያስፈልጋል።