ጭሱ ካዛንቺስ፣ ሂሳቡ ገጠር
የሙቀት አማቂ ጋዞች ምንጭና መወገጃ አመዘጋገብ

ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት በቂርቆስና በካዛንቺስ መንገዶች ከመኪና የሚወጣውን ጭስ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያሳየው፣ በ2010 ከሀገሪቱ ከወጣው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ጋዝ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የመነጨው ከግብርናና ከደን መመናመን ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባጸደቀችው የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት ይህን ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ አለባት። መነሻው የገጠር መዝገብ ነው።

አመዘጋገቡ
ካዛንቺስ ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቆጠረው ዛፉ በተቆረጠበት መሬት ሂሳብ ነው፤ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር በከተማው ነዳጅ ላይ አይደመርም። እዚያው ለሚጠጣው ወተትም፣ ላሟ ስታመነዥክ የምታገሳው ሚቴን የሚጻፈው በእንስሳት ሀብት ሂሳብ ነው።

ምንጮች
ሀ/ ከብት፦ እ.ኤ.አ. የ2006 ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአፍሪካ፣ ለአንዲት የወተት ላም በዓመት 46፣ ለሌላ የቀንድ ከብት 31 ኪሎ ግራም ሚቴን ይገምታል።
ለ/ ዩሪያ፦ አንድ ኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ከዚህ 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ያመልጣል ተብሎ ይሰላል። ይህም 190 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ሙቀት ያስከትላል።

መወገጃ
100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 47 ኪሎ ያህል ካርቦን ይይዛል፤ ከአየር የተወሰደ 172 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። እንጨቱ ሲነድ ጋዙ ይመለሳል።

መመዝገብ ለምን አስፈለገ?
የመመሪያው ቁጥር አማካይ ነው። ገለባ ብቻ የምትበላ ላምና ድርቆሽና ፋጉሎ የምታገኝ ላም በዚህ ቁጥር እኩል ናቸው። በደንብ የተመገበችው ግን ለአንድ ሊትር ወተት የምታወጣው ጋዝ ያነሰ ነው። መኖና ወተት ካልተመዘገበ የገበሬው ድካም በሀገር ሂሳብ ውስጥ አይታይም።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት፦
1. ከብቶችን በዝርያ፣ በዕድሜና በጾታ ለይታችሁ ቁጠሩ፤
2. የመኖውን ዓይነትና የወተቱን መጠን በየወሩ መዝግቡ፤
3. የተከፋፈለውን ሳይሆን ማሳ ላይ የዋለውን ዩሪያ ጻፉ፤
4. የተተከለውን ሳይሆን በዓመቱ ጸድቆ የተገኘውን ችግኝ ቁጠሩ።

ያልተቆጠረውን በግምት መሙላት ሂሳቡን ያበላሻል። «አልተቆጠረም» ብሎ መጻፍ ይሻላል።